ሳይጠይቁ መፍታት፤ የአሮጌ መኪና መንቀጥቀጥ ከየት ይመጣል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገሬ ሰው። በዚህ ዓምድ ላይ ይህን አባባል እየጠቀስኩ ባለሥልጣናትን ስወቅስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እስኪ ዛሬ ደግሞ ራሴን ልውቀስበት። ባለፈው ዓመት የገዛ መኪናዬን ችግር ከሥሩ ሳልጠይቅ ገንዘቤን ከመበተኔም በላይ ቤተሰቤን ለአደጋ አጋልጬ ነበርና። ሕግ የተማረ ሰው ማስረጃ ሳይሰማ ፈረደ ቢባል ያሳፍራል፤ እኔ ግን ፈርጄአለሁ፤ ያውም ሦስት ጊዜ።

መኪናዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1998 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። እንደ እርሷ ያሉ መኪኖች ዛሬ «አሮጌ» ተብለው የሚጣሉ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ ያለችንን መኪና እየጠገንን፣ እያስታመምን መንዳት ለብዙዎቻችን ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። ታማሚን ማስታመም ደግሞ በሽታውን ከማወቅ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ በ40 እና በ50 ስነዳት መኪናዬ ምንም አልነበረባትም። በ2006 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ፍጥነቱ 90 ሲደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረች። 100 ላይ ባሰባት። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ «ወንበሬን ከሥሩ የሆነ ነገር ይነዝረኛል» አለችኝ። እኔም «መንገዱ ነው» ብዬ ዘጋሁት። አስፋልቱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፤ መንገዱ እንዳልሆነ ልቤ ያውቃል። ቢሆንም አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ሰበብ አያጣም።

ስንመለስ የመጀመሪያው ጋራዥ «አላይመንት ነው» አለኝ። ተሠራ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው «ባላንስ ነው» ብሎ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ባላንስ አደረገ። አሁንም ለውጥ የለም። ሦስተኛው ደግሞ የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ ማለቃቸውን ነግሮኝ ሁለቱንም አስቀየረኝ። መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ለስለስ አለች፤ 90 ላይ ግን ያው እንደ ቀድሞዋ ነች። ሦስቱም ጋራዦች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሆኖም አንዳቸውም አልጠየቁኝም፤ እኔም የሆነውን በዝርዝር አልተናገርኩም።

ጠያቂው መካኒክ

አራተኛው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ መኪናዋን እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ «ጌታዬ፣ ከርሷ በፊት እርስዎን ልጠይቅ» አለኝ። ከዚያም ጥያቄዎቹን ደረደረ። በስንት ፍጥነት ይጀምራል? ከዚያ በላይ ሲነዱት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? የሚሰማዎት መሪው ላይ ነው ወይስ ወንበሩ ላይ? ፍሬን ሲይዙ ይለወጣል? ነዳጅ ሲሰጡስ? ሲታጠፉስ? በቅርቡ ምን ተነካ?

በሕግ ቋንቋ ይህ መስቀለኛ ጥያቄ ነው። የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ከተጠርጣሪዎቹ ግማሹን በነፃ ያሰናብታል። በእነዚያ ጥያቄዎች ውስጥ ያለው ዕውቀት ለማንኛውም ባለ መኪና የሚጠቅም ስለሆነ በተራ ላብራራው።

መሪው ወይስ ወንበሩ?

የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው። በአብዛኛው የፊት ጎማ ችግር በመሪው በኩል ወደ እጅ ይመጣል። የኋላ ጎማ ችግር ደግሞ በወንበሩና በወለሉ በኩል ይሰማል። የባለቤቴ ቃል ትዝ አለኝ፤ «ወንበሬን ከሥሩ»። የዓይን ምስክር፣ እንዲያውም የመቀመጫ ምስክር፣ ከጎኔ ተቀምጣ ትናገር ነበር። እኔ ግን የፊት ጎማ ባላንስ፣ የፊት ሾክ አብዞርበር እያልኩ ንጹሑን ወገን ስቀጣ ከረምኩ።

ለምን በ90 እና በ100?

መኪናዬ 14 ቁጥር ቸርኬ ላይ የሚገባ ጎማ ነው የምትጠቀመው። የጎማው ዙሪያ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ጎማው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 15 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አሁን በቸርኬው ጠርዝ ላይ በአንድ ወገን 30 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። 30 ግራም ኪስ ውስጥ ቢያስገቡት የማይሰማ ነገር ነው። በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር ግን ጎማውን ከ4 ኪሎ ግራም ተኩል በላይ በሆነ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትተዋል፤ ያውም በሴኮንድ 15 ጊዜ አቅጣጫውን እየቀያየረ። ኃይሉ ከፍጥነት ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በ50 ላይ ያው 30 ግራም የሚፈጥረው ኃይል ከ1 ኪሎ ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከተማ ውስጥ ችግሩ የማይታወቀው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ጎማው፣ ሞላውና ተሸካሚዎቹ ዥዋዥዌ እንደሚገፋ ልጅ የራሳቸው ምት አላቸው። የጎማው ዙር ከዚያ ምት ጋር ሲገጥም ንዝረቱ ይጎላል። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ይህ የሚሆነው ከ80 እስከ 110 ባለው መካከል ነው። አንዳንዴ 120 ላይ ሲደርስ የሚቀንሰውም ምቱ ስለሚያልፍ ነው። «ፈጠን ስል ይተወኛል» እያሉ ችግሩን በፍጥነት የሚያመልጡ ሾፌሮች አሉ። ንዝረቱ ቢቀንስም ጉዳቱ ግን እዚያው ነው።

ሞተሩን ከጎማው መለየት

ንዝረቱ ከጎማ ነው ከሞተር? መለያው ቀላል ነው። ከኋላና ከፊት መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ንዝረቱ ባለበት ፍጥነት እግርዎን ከነዳጅ አንስተው ማርሹን ለጥቂት ሴኮንዶች ወደ ዜሮ ያምጡ። ሞተሩን ግን በፍጹም አያጥፉ፤ መሪው ሊቆለፍ፣ ፍሬኑም ሊጠነክር ይችላልና። የሞተሩ ዙር ወርዶ ንዝረቱ ከቀጠለ ጥፋቱ ከሚሽከረከረው ወገን ነው፤ ማለትም ከጎማ፣ ከቸርኬ ወይም ከኩሽኔታ። ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ ወደ ሞተሩና ኃይል ወደሚያስተላልፉት ክፍሎች ይዩ። መኪናው ቆሞ ሞተሩን ወደዚያው ዙር ሲያስነሱት የሚንቀጠቀጥ ከሆነም የሞተር ተሸካሚ ጎማዎቹ መሰንጠቃቸውን ወይም ሞተሩ ራሱ በትክክል አለመተኮሱን መጠርጠር ነው።

ነዳጅ ሲሰጡ የሚብስ፣ እግር ሲነሳ የሚጠፋ ንዝረት የራሱ ተጠርጣሪ አለው። እርሱም ከካምቢዮው ወደ ፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች መጋጠሚያ፣ መካኒኮች ሲቪ ጆይንት የሚሉት ነው። እዚህ ላይ አንድ የእኛን አገር ልማድ ማንሳት ይገባል። መንገዱ ጎርባጣ ነው ብለን በሞላው ላይ ወይም ሥር ስፔሰር እያስገባን መኪናችንን ከፍ እናስደርጋለን። መኪናው ከፍ ሲል የእነዚያ ዘንጎች ማዕዘን ይለወጣል፤ መጋጠሚያዎቹም ባልተሠሩበት ማዕዘን እየሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። «መኪናዬን ካስነሳሁ ወዲህ ነው የምትንቀጠቀጠው» የሚል ሰው መልሱን ራሱ ተናግሯል። የኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ደግሞ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግና መጋጠሚያዎቹን መመርመር ነው።

ፍሬን ሲይዙ፣ ሲታጠፉ

ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ፣ ፔዳሉም እግርን የሚገፋ ከሆነ ጥርጣሬው የፍሬን ዲስክ ላይ ነው። የዲስኩ ውፍረት በዙሪያው እኩል ካልሆነ ሸራው በያዘው ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ ውፍረት ከተረፈው ቶርኖ ቤት ይስተካከላል፤ ካለቀ ግን ይቀየራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ምክንያት የጎማ ብሎኖች አጠባበቅ ነው። አንዱን ወገን አጥብቆ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቸርኬውንም ዲስኩንም ያጣምማል። ብሎን በመስቀል ቅርጽ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚጠብቀው።

ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለና ወደ አንድ ወገን ሲታጠፉ የሚለወጥ ከሆነ ኩሽኔታ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ በቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃልና ያን ጊዜ ከጮኸ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ ነው።

አላይመንት ንዝረት አያድንም

ይህን ለብቻው የምጽፈው ገንዘቤ መጀመሪያ የሄደው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አላይመንት የጎማዎቹ አቅጣጫ ነው። አላይመንት ሲበላሽ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ መሪው ጠሞ ይቆማል፣ ጎማም በአንድ ጠርዝ በኩል ይበላል። ባላንስ ግን የክብደት ጉዳይ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ለሚመጣ ንዝረት የመጀመሪያው ጥርጣሬ ባላንስና የጎማው ቅርጽ እንጂ አላይመንት አይደለም። አላይመንት ጥፋተኛ የሚሆነው በተዘዋዋሪ ነው፤ ጎማውን አለአግባብ አስበልቶ፣ የተበላው ጎማ ደግሞ ሲያንቀጠቅጥ።

ባላንስ ከማስደረግ በፊት ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ማጠብ ያስፈልጋል። በክረምት ገጠር ወርዶ የተመለሰ መኪና ቸርኬው ውስጥ ጭቃ ደርቆበት ይገኛል፤ ያ ጭቃ ብቻውን ከ30 ግራም ይበልጣል። የባላንሱ እርሳስ ወድቆ ቦታው ብቻ የቀረበት ጊዜም አለ። ባላንስ ሲደረግ አራቱም ጎማዎች ይደረጉ፤ እንደ እኔ ሁለቱን ብቻ አስደርጎ ሌሎቹን ነፃ ማውጣት ስህተት ነው።

መንገጫገጭ ሌላ ነው

መንቀጥቀጥና መንገጫገጭ አንድ አይደሉም። መንቀጥቀጥ ከፍጥነት ጋር የተያያዘ፣ በለጥ መንገድም የሚሰማ ነው። መንገጫገጭ ግን መንገዱ ሲከፋ የሚመጣ ነው። ለመንገጫገጭ መጀመሪያ የሚታየው የጎማ አየር ነው። ጎሚስታው ዘንድ ስንሄድ «ጠንከር አርግልኝ» የማለት ልማድ አለን። ከልክ ያለፈ አየር ጎማውን ድንጋይ ያደርገዋል፣ መሐሉንም ለብቻው ያስበላዋል። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተጽፏል፤ ለብዙ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ከ28 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው ውስጥ ነው። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ቀጥሎ ሾክ አብዞርበር ነው። ዘይት ያፈሰሰበት፣ መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላም ደጋግሞ የሚያነጥር ከሆነ አልቋል። ጎማው በዙሪያው እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላም ምልክቱ ያው ነው። ከዚያ ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚያደርጉት ጎሚኖች አሉ። እነዚህ በዕድሜ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ብዙ ኪሎ ሜትር ያልነዳ መኪና እንኳ ሃያ ዓመት ካለፈው ጎሚኖቹ መታየት አለባቸው። ዋጋቸው ከሾክ አብዞርበር ያነሰ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ የሚቀየረው ሾክ አብዞርበሩ ነው።

ጥፋተኛው ተገኘ

ወደ ታሪኬ ልመለስ። መካኒኩ እኔን አስነድቶ ራሱ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ መዳፉንም ወለሉ ላይ አሳረፈ። ቱሉ ዲምቱን አልፈን ጥቂት እንደሄድን «ይበቃል፣ ቀስ ይበሉ፤ ከኋላ ግራ ነው» አለኝ። በዝግታ ነድተን ተመለስን። ደልዳላ መሬት ላይ በፊት ጎማዎቹ ግራና ቀኝ ድንጋይ ደግፎ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ የኋላውን ግራ በክሪክ አነሳው። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት የሞት ጥሪ መሆኑን ለረዳቱ ሲነግረው ሰማሁ፤ እኔም ለአንባቢ አደራ እላለሁ።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ቢነቃነቅ ኩሽኔታ ነበር፤ አልተነቃነቀም። ፊት ላይ ቢሆን ግራና ቀኙን ይዞ መነቅነቅ የመሪ ቴስቲኒዎችን ያሳያል። ቀጥሎ አንድ እንጨት ከጎማው አንድ ጣት ያህል አርቆ መሬት ላይ አቆመና ጎማውን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረው። ቸርኬው በእኩል ርቀት ዞረ፤ አልጎበጠም ማለት ነው። ጎማው ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እንጨቱን ነካው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በዞረ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ። ፈትቶ ገለበጠው። በውስጥ በኩል፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው በማይታይበት ወገን፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት ነበረ። ሽቦው ከውስጥ ተላቋል።

እብጠቱን በጣቱ እየነካ «ይህ እኮ የሚነዝር ጎማ አይደለም፤ የሚፈነዳ ጎማ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በ100 ፍጥነት ባለቤቴንና የልጅ ልጆቼን ጭኜ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እቆጥር ነበር።

ጎማው ላይ አራት አሃዝ አሳየኝ፤ 1712። ይህ የተመረተበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። የ2012 17ኛ ሳምንት ማለት ነው። ይህን ጎማ ከአራት ዓመት በፊት «አዲስ ነው» ተብሎ ነው የሸጡልኝ። ነድቼበት ባያልቅም ዕድሜው አልቋል። ጎማ ጥርሱ ቢተርፈውም ከአሥር ዓመት በላይ መንዳት እንደማይገባ አምራቾች ይመክራሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም በየዓመቱ መታየት አለበት። ሙሉው ቁጥር አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ጎማው ከመገጠሙ በፊት ሁለቱንም ጎን ማየት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሻጩን ልክሰስ ይሆን? የሕግ ሰው ስለሆንኩ አሰብኩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። ነገር ግን ገዥም ዕቃውን በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ሊያየው ይችል የነበረውን ጉድለት ሳያይ ያለፈን ሰው ብዙም አያዝንለትም። ቀኑ ጎማው ላይ ተጽፏል። አላየሁም። ክሱን ተውኩት።

ይልቅስ ያስደነገጠኝ ሌላው አንቀጽ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ይህ ኃላፊነት በጥፋት ላይ የተመሠረተ አይደለም። «ጎማው በድንገት ፈነዳ፣ እኔ ምን ላድርግ» ማለት ባለቤቱን አያድነውም። ያ ጎማ ፈንድቶ መኪናዬ ሌላ ሰው ላይ ብትወጣ ኖሮ የመንገዱን ዳር ጥፋተኛ ፍለጋ መዞር አይጠቅመኝም ነበር። «ቦሎ አለኝ» ማለትም ያው ነው፤ በዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ማንም መኪናን በ100 ፍጥነት አይነዳትም።

ስለዚህ ለአንባቢ የምመክረው አጭር ነው። ንዝረት ሲጀምር ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ወረቀት ያውጡና ይጻፉ፤ በስንት ይጀምራል፣ የት ይሰማል፣ ፍሬን ላይ፣ ነዳጅ ላይ፣ መታጠፊያ ላይ ምን ይሆናል፣ መጨረሻ ምን ተነካ። ጎማ ከተፈታ በኋላ የጀመረ ንዝረት ከሆነ ወዲያው ቆመው ብሎኖቹን ይዩ፤ ጎማ በተቀየረ በ50 እና በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥም ደግመው ያስጠብቁ። ከርካሹ ወደ ውዱ ይሂዱ፤ አየር፣ ጭቃ፣ የጎማው አራት ጎን፣ ባላንስ፣ ቸርኬ፣ ከዚያ በኋላ ነው መለዋወጫ። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌውን በእጅዎ ይቀበሉ፤ ደረሰኝም ይያዙ። ከሁሉም በላይ ንዝረቱ በድንገት ከመጣና እየባሰ ከሄደ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል ሳይቀር በእጅዎ ይዳስሱ።

መኪናዬ ዛሬ በ100 ጸጥ ብላ ትሄዳለች። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ የሆነ ነገር ሲሰማት አሁንም ትናገራለች። ልዩነቱ፣ አሁን «መንገዱ ነው» አልላትም፤ «የት ላይ ነው የሚሰማሽ?» እላታለሁ። ቸር እንሰንብት።